አቃቂ ጣቢያ ባቡር ዳግም ይገባ ይሆን? የእኛስ ጣቢያ የት ይቁም?

ዓባይ_ማዶ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ስለ ባቡር ነው። አዎ፣ ባሕር ዳር ተቀምጬ ነው ስለ ባቡር የምጠይቀው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅና ይመለስ።

ለሥራ አዲስ አበባ ስሄድ የማርፈው አቃቂ፣ አክስቴ ቤት ነው። አቃቂ ድሮ ባቡር የሚቆምባት ከተማ ነበረች። ሀዲዱ ለገሃር ከመግባቱ በፊት አቃቂ ነው የደረሰው። ፋብሪካ በፋብሪካ የሆነችውም አንድም በዚሁ ነው፤ ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ ደጃፏ ላይ ይራገፍ ነበር። ከለገሃር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። ዛሬ አክስቴ መርካቶ ጉዳይ ካላት ገና ሳይነጋ ትወጣለች። ሚኒባስ ትጠብቃለች፣ ቃሊቲ ትወርዳለች፣ እንደገና ትሰለፋለች። ቀላል ባቡሩም ቃሊቲ ላይ ነው የሚያበቃው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው እንደ ፍጥርጥሩ ነው።

አንደኛ፣ እንዲህ ዓይነት የተዘጋ የከተማ ዳር ጣቢያ ዳግም ሊከፈት ይችላል ወይ? ሰዉ አለ፣ ሰፈሩ አለ፣ ስሙም አለ።

ሁለተኛው የእኛው ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጊዜ የተሳለውን የባቡር ካርታ የምታስታውሱ አላችሁ። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልዲያ አድርጎ ወደ ሰመራ የሚወርድ መስመር ነበረው። ባሕር ዳር ላይ ነጥብ ተቀምጣ ነበር። ያቺ ነጥብ መሬት ላይ የት ናት? ከተማ ውስጥ? ወይስ ዳር ላይ፣ ዘንዘልማ? መሸንቲ? ባቡሩ ዛሬም ነገም አይመጣም፣ አውቃለሁ። ቦታው ግን ዛሬ እየተሸነሸነ ነው።

የምታውቁ አካፍሉን።

ሦስት_ጎማ | ሰኞ፣ ማታ 2፡52

መጀመሪያ ቤንዚን ይምጣ፣ ከዚያ ስለ ባቡር እናወራለን። ማደያ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የማነበው። ቀጥሉ፣ ሰልፉ ረጅም ነው።

የከዚራ_ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 3፡30

አቦ ዓባይ ማዶ፣ ቁስሌን ነካኸው! እኔ የምድር ባቡር ልጅ ነኝ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ ነው የሠራው። እኔ በትዳር ምክንያት ባሕር ዳር ገባሁ፤ ሐይቁ ለምዶኛል፣ የባቡሩ ጡሩምባ ግን አሁንም ይናፍቀኛል።

ታሪኩን ላሳጥርልህ። ምኒልክ ውሉን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ገንዘቡም አጠረ፣ ሀዲዱ ከታች ሜዳው ላይ ቀረ። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተፈጠረችው እንዲህ ነው። ጥንታዊቷ ሐረር ባቡሩ አለፋት፣ ባዶው ሜዳ ከተማ ሆነ። ከዚያ ኩባንያው ከሠረ፣ ሌላ ተቋቋመ፣ አዲስ አበባ የተገባው በ1909። ጠቅላላ 784 ኪሎ ሜትር።

አሁን አንድ ነገር ልብ በል። ለገሃር ላይ የምታየው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ነው። ባቡሩ ከገባ ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ያለዚያ ሕንፃ ሰውም ዕቃም ተጉዟል። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። 'ጣቢያውን እንክፈት' ሲባል ሰው የሚያስበው ቀለም መቀባት፣ ካፌ ማስገባት፣ ፎቶ መነሣት ነው። ቀለም የተቀባ ጣቢያ ብዙ አይቻለሁ። የጎደለው ባቡሩ ነው።

ባቡሩ ደግሞ ሰዓት አለው። እኛ ቤት ሰዓት የሚስተካከለው በእሱ ነበር። በየጣቢያው የሚያድር፣ የሚኖር ሰው ነበር። ኤረር ስትደርስ ብርቱካን በመስኮት ይገባልሃል፤ ብሩን ሳትሰጥ ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ ልጁ አብሮህ ይሮጣል፣ አንተም ትወረውርለታለህ። ኮንትሮባንዲስቶቹማ ሌላ ታሪክ ናቸው። ድሬ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ባቡሩ ቀስ ይላል፤ ጥቅል ጨርቁ፣ ሲጋራው፣ ሽቶው በመስኮት ወደ ጨለማው ይወረወራል። ከታች የሚለቅም ሰው አለ። ፊናንስ ሲመጣ እመቤቲቱ ባዶ እጇን ቁጭ ብላ ጸሎት ታደርሳለች።

ሁሉም ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ጥር 5 ቀን 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሀዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። ወደ 400 ሰው አለቀ። እኛ ሰፈር ለቅሶ ያልተቀመጠበት ጊቢ አልነበረም። ከዚያም በኋላ ሀዲዱ እያረጀ፣ ፉርጎው እየተሰባበረ ሄደ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ጥገና ተጀመረ ተባለ፣ ሳያልቅ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ–ድሬዳዋ ጭራሽ ቆመ። አቃቂም አብሮ ተዘጋ። 'ዛሬ ተዘጋ' ብሎ የነገረን የለም። አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረ፣ በማግስቱም አልመጣም።

ዓባይ_ማዶ | ሰኞ፣ ማታ 3፡41

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄንን ነበር የፈለግኩት። ስለ ኮንትሮባንዲስቶቹ ሌላ ጊዜ ለብቻው ይጻፉልን።

የከዚራ_ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 3፡44

ዘመዶቼን አሳልፌ አልሰጥም። ደግሞ አንቱ አትበለኝ፣ ድሬ አንቱታ የለም።

ወርድ_1435 | ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ሙያዬ ስለሆነ ልግባበት።

የአቃቂ ጣቢያ እንደነበረው ሆኖ አይከፈትም። የድሮው ሀዲድ ወርዱ 1 ሜትር ነው፤ አዲሱ የጅቡቲ መስመር 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል። የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። የድሮው መስመር አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድም በግንባታም ተቆራርጧል። ከድሬዳዋ ወደ ድንበር ያለው ክፍል ሌላው ከቆመ በኋላም አልፎ አልፎ ባቡር አይቷል፤ በአዲስ አበባ በኩል ያለው ግን አክትሞለታል።

ታዲያ ሰፈሩ ባቡር አያገኝም ማለት ነው? አይደለም። አዲሱ መስመር መስከረም 2009 ሲመረቅ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ከሰበታ እስከ አዳማ ሀዲዱ ድርብ ነው። ከአዳማ ወዲያ አብዛኛው ነጠላ ነው። ነጠላ ሀዲድ ላይ አንዱ ባቡር ሌላውን እስኪያሳልፍ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ሰው ላጓጉዝ ማለት ጭንቅ ነው። ድርቡ ላይ ግን መሄጃውና መምጫው የተለያየ ነው። ሰበታ፣ ፉሪ ለቡ፣ እንዶዴ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። ይሄ ዓለም ላይ 'የከተማ ዳር ባቡር' የሚባለው ራሱ ነው። እንዶዴ ደግሞ አቃቂ አጠገብ ናት፤ ዛሬ የምትታወቀው በጭነት ነው። የአክስትህ ጣቢያ ዳግም የሚከፈት ከሆነ የሚከፈተው እዚያ በኩል ነው እንጂ የድሮው ቦታ ላይ አይመስለኝም።

የጎደለው ባቡሩና ሰዓቱ ነው። አሁን ያለው የመንገደኛ ባቡር ለረጅም ጉዞ የታሰበ ነው፤ በሎኮሞቲቭ የሚጎተት፣ በየቀኑም የማይነሣ። ጠዋትና ማታ ለሚመላለስ ሠራተኛ የሚሆነው አጭር፣ ቶሎ የሚነሣና ቶሎ የሚቆም፣ ሞተሩ ከወንበሩ ሥር ያለ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። እሱ ደግሞ መገዛት አለበት። ከተገዛም በኋላ መለዋወጫ አለ። ቀላል ባቡሩን እዩት። በ2008 ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል።

'ቀላል ባቡሩን ከቃሊቲ ገፋ አድርጎ ከዋናው መስመር ማገናኘት ነው' የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። ወርዳቸው አንድ ነው፣ እውነት ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ለየቅል ነው። ቀላሉ በ750 ቮልት ይሄዳል፣ ዋናው በ25 ሺህ። መንገደኛው ወርዶ ይቀይር ካልተባለ በቀር አንዱ ወደሌላው ዘው አይልም። መቀየሩም ነውር የለውም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ።

ቀበሌ_አራት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ወገኖቼ፣ የአቃቂን ነገር አቃቂዎች ይጨነቁበት። እኛ ጎጃም በረንዳ ሄደን ለመመለስ እንኳን መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውለን የምናጣራ ሰዎች ነን። የሀብታሙ ልጅ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ የደሀው ልጅ ስልክ ደውሎ ይቀራል። ባቡር ቢመጣስ ሀዲዱ ከመንገዱ ይልቅ ይታመናል? የጣቢያ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ይሄንን መልሱልኝ።

ወርድ_1435 | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡48

ልክ ብለሃል፣ አልከራከርህም። ሀዲድ እንደውም ይብሳል። መኪና በሌላ መንገድ ይዞራል፣ ባቡር መዞሪያ የለውም። ቦታ ማስከበር ግን ሰላምም ገንዘብም እስኪመጣ አይጠብቅም፤ የሚጠይቀው ካርታ ላይ አንድ መስመርና የሚያስከብረው ሰው ብቻ ነው።

የዘጌ_ቡና | ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡05

እናንተ ልጆች ባቡር ባቡር ትላላችሁ። እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች የራሳችን ባቡር ነበረን እኮ! ሀዲድ አልፈለገም እንጂ።

እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ከባሕር ዳር ወደብ የምትነሣውን መርከብ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ዘጌ፣ ደቅ፣ ማታ ቁንዝላ። ቁንዝላ ታድራለች። በማግስቱ ደልጊ፣ ከዚያ ጎርጎራ። ሐሙስ ከጎርጎራ ትመለሳለች። በየብስ ጎርጎራ ለመሄድ ጎንደር ድረስ ወጥተህ እንደገና ወደ ሐይቁ መውረድ ነው፤ ሐይቁ ግን ያቋርጥልሃል። ቱሪስቱ ቀርፋፋ ናት እያለ ይስቅባት ነበር። የደቅ ሰው አይስቅም። በሽተኛው፣ እህሉ፣ ጌሾው፣ ፍየሉ፣ ተማሪው፣ ሙሽራው ሁሉ በእሷ ነው። መወጣጫው አንዲት ሳንቃ ነበረች። ፍየሉ ሳንቃዋ መሐል ላይ ሲደርስ ቆም ይላል፤ ከኋላው ኩንታል የተሸከመ ሰው አለ፤ ከፊቱ ገመድ የሚጎትት ልጅ አለ፤ ከላይ 'ቶሎ በሉ!' የሚል ጩኸት አለ። ፍየል ግን አይቸኩልም።

ለምን እነግራችኋለሁ? መዘጋትና መከፈትን በዓይናችን ስላየነው ነው። 1995 ክረምቱ መግቢያ ላይ ሐይቁ ወረደ። ከባሕር ጠለል 1,785 ሜትር ከሚሉት በታች ሲሆን መርከብ መሄድ አይችልም፤ መሬት ይነካል። ለ4 ወር ያህል ቆመ። ዝናቡም አንሶ ነበር፣ ጭስ ዓባይ መብራት እንዲያመነጭ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ በኩል የሚለቀቀውም ውሃ ነበር። ያኔ የሐይቅ ዳሩ ሰው 'አበቃ' ብሎ ነበር። ውሃው ሲመለስ መርከቧም ተመለሰች። ምንም ምረቃ፣ ምንም ሪባን አልነበረም። እሑድ መጣ፣ ሰው ኩንታሉን ይዞ ወረደ።

አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። እምቦጩ አለ፣ በሰሜን ምሥራቁ ዳር መድረሻ አሳጥቷል። የፀጥታው ነገር አለ። መልካሙም አለ፤ በ2017 ጣናነሽ ፪ የሚሏትን ትልቅ መርከብ ከጅቡቲ በየብስ ጭነው ሲያመጧት በቴሌቪዥን አይታችኋል። በየከተማው ሕዝብ ወጥቶ እልል ሲልላት እኔም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ጥያቄዬ ግን ያው የከዚራው ሰውዬ ጥያቄ ነው። በስንት ሰዓት ነው የምትነሣው? ቁንዝላ ትቆማለች ወይስ ጎርጎራ ያለውን ሎጅ ለሚጎበኝ ሰው ብቻ ነው የምትሄደው? ለደቅ እናት መርከብ የሚባለው እሑድ እንደሚመጣ የታወቀው ነው። የማይታወቅ ከሆነ ሐይቅ ላይ የቆመ ቤት ነው።

የከዚራ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ረፋድ 4፡30

እትዬ ዘጌ፣ እጄን አውጥቻለሁ! ለጫጉላችን ጎርጎራ የሄድነው በእሷ ነው። ባለቤቴ ቁንዝላ ላይ ያደርንበትን ትኋን እስከ ዛሬ ትቆጥርብኛለች።

ሐይቅ_ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡10

ከወሎ በኩል ነኝ፣ ባሕር ዳር የምኖረው ለትምህርት ነው። ስለተዘጋ ጣቢያ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም። እናንተ አርጅቶ ስለተዘጋው ታወራላችሁ፤ እኛ ደግሞ ሳይከፈት የተዘጋ አለን።

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር በ2007 ነው የተጀመረው፣ በቱርክ ተቋራጭ። ሰፈራችንን ሰንጥቆ ዋሻ ሲቆፈር፣ ድልድይ ሲቆም፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሲተከል አይተናል። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ሀዲዱ ተነጠፈ። ጣቢያው ተሠራ። ከዚያ የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ጠፋ ተባለ። እሱን ስንጠብቅ ጦርነቱ መጣ። ንብረቱ ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። ሀዲዱ ዛሬም አለ፤ ፍየል ይሻገረዋል።

እናቴ ከሱቋ ሆና መስመሩን ታያለች። 'መቼ ነው የሚመጣው?' የሚሏት ደንበኞች ነበሩ። አሁን የሚጠይቅ ጠፍቷል። እኔ የምፈራው ሀዲዱ መበላሸቱን አይደለም፣ ብረት ይጠገናል። ሰዉ መጠየቁን ሲተው ነው የምፈራው። ያኔ ቦታውን ለሌላ ነገር እንስጠው የሚል ይመጣል፣ የሚቃወምም አይኖርም።

በነገራችን ላይ የባሕር ዳሩ መስመር ካርታው ላይ ከጅቡቲ ጋር የሚገናኘው በእኛ በወልዲያ በኩል ነው። እኛ ካልተከፈትን እናንተም አትከፈቱም። ጸልዩልን።

ቀበሌ_አራት | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡25

ይሄ ልጅ ጨረሰኝ። አሁን ቁም ነገር ሆነ። እሺ፣ ስለ ቦታው አውሩ።

ዘንባባ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

የከተማ ፕላን ተማሪ ነኝ፣ ቦታውን ለእኔ ተዉት።

መጀመሪያ የአዲሱን የጅቡቲ መስመር ጣቢያዎች እዩ። ድሮ ለገሃር ከተማ መሐል ነበር፤ ከባቡሩ ከወረድክ ስታዲየምም ፒያሳም በእግር ነው። አሁን ፉሪ ለቡ ነው፤ ከመሐል ከተማ ራቅ ያለ። ድሬዳዋም የድሮው ጣቢያ ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ራሱን ፈጥሮ ነበር፣ አዲሱ ከከተማው ውጪ ነው። አዳማም እንዲሁ። ምክንያቱ ይገባኛል። ዳር ላይ መሬቱ ርካሽ ነው፣ የሚነሣ ሰው ጥቂት ነው፣ ካሳው ያንሳል፣ ባቡሩም ቀጥ ያለ መስመር ያገኛል። ባቡር እንደ ባጃጅ ባለበት አይታጠፍም፤ መታጠፊያው በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይወስዳል። ግን የተረፈው ገንዘብ ከመንገደኛው ኪስ ይወጣል። ከጣቢያ እስከ ቤት የሚከፍለው ታክሲ አንዳንዴ ትኬቱን ይፎካከራል። የሩቅ መንገደኛ ይችለዋል። በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ግን አንድ ሳምንት ሞክሮ ይተዋል።

አሁን ባሕር ዳር። ከወረታ የሚመጣ መስመር በሐሙሲት በኩል ዘንዘልማ ላይ ይገባል። ወደ ፍኖተ ሰላም የሚቀጥለው ደግሞ በመሸንቲና በመራዊ በኩል ይወጣል። በሁለቱ መሐል ዓባይ አለ። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ሲመረቅ ሁላችንም ሄደን ተራምደንበታል፤ 380 ሜትር ነው፣ ለመኪና፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ። ለባቡር ሌላ ድልድይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር 'ለጊዜው ዘንዘልማ ላይ እናቁመው' ይባላል። 'ለጊዜው' የምትለዋን ቃል ደግሞ ታውቋታላችሁ።

ዘንዘልማን አልጠላም። የዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢ እዚያ ነው፣ ተማሪ አለ። ለደረቅ ጭነት ወረታ ደረቅ ወደብ ስላለ ጭነቱን ከተማ ማስገባት ላያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ባሕር ዳር የሚያስፈልገው የሰው ጣቢያ ነው፤ አነስ ያለ፣ ወደ ከተማ የቀረበ፣ ከተቻለ ከሐይቁ ወደብ ጋር በእግር የሚገናኝ። እትዬ ዘጌ ያሉትን አስቡት፤ ከደቅ የመጣ ሰው ከመርከብ ወርዶ ባቡር ቢይዝ። ህልም ነው? ነው። ግን ማክስ ጉተር የሚባለው ጀርመናዊ በ1950ዎቹ የዚህችን ከተማ ፕላን ሲሠራ ባሕር ዳር ትንሽ መንደር ነበረች። ዛሬ የምንኮራባቸው ሰፋፊ መንገዶች ያኔ መኪና የሌለባቸው ህልሞች ነበሩ። ቦታቸው ስለተጠበቀ ነው ያሉት።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ጣቢያውን አትሥሩ። የሀዲዱን ማለፊያ ብቻ ፕላኑ ላይ አስቀምጡ፤ እስከዚያው ዛፍ ይተከልበት፣ ብስክሌት ይነዳበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት። ቤት ብቻ አይሠራበት።

ዓባይ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05

ዘንባባ፣ ብስክሌቱ ላይ አሳመንከኝ። ባሕር ዳር ብስክሌት የሚነዳበት ቦታ ሰጥተህ የሚቃወምህ የለም። ግን ባዶ ቦታ እዚህ አገር ባዶ ሆኖ ይቆያል? አጥር ሳታጥር አድረህ ብትነሣ ቆርቆሮ ቤት ታገኛለህ።

ዘንባባ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡12

ለዚህ ነው መንገድ ይሁን የምለው። ሰው የሚሄድበትን መንገድ መያዝ ከባድ ነው፤ መንገደኛው ራሱ ይጮሃል። ታጥሮ የተቀመጠ ቦታ ግን የሚጮህለት የለውም።

የከዚራ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ስለ ለገሃር አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ እተኛለሁ።

በ2011 መጀመሪያ ላይ ለገሃር ዙሪያ 36 ሄክታር ላይ አዲስ ከተማ ይገነባል ተብሎ በአቡ ዳቢው ኢግል ሂልስ በኩል ተጀመረ። የድሮው ጣቢያ ሕንፃ አይፈርስም፣ በቅርስነት ይቆያል ተባለ። ደስ ብሎኛል፣ ይቆይ። ቀላል ባቡሩም በአጠገቡ ያልፋል። ግን ያን ሕንፃ ጣቢያ ያደረገው ከኋላው ያለው ሰፊ የሀዲድ ሜዳ ነበር። ፉርጎው የሚቀያየርበት፣ ዕቃው የሚራገፍበት፣ ባቡሩ የሚያድርበት። ሜዳው ላይ ፎቅ ከበቀለ በኋላ 'ባቡሩን ወደ መሐል ከተማ እንመልስ' የሚል ትውልድ ቢመጣ ባቡሩን የት ያቆመዋል? ወርድ የምትባለው ልጅ፣ ንገረን እስኪ።

ወርድ_1435 | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡48

ከመሬት በታች ካልሆነ የትም። የመሬት በታቹ ዋጋ ደግሞ አያድርስ ነው።

ጋሽ ከዚራ ያነሣው ነገር ለባሕር ዳርም ይሠራል። ሰው ጣቢያ ሲል የሚታየው በሩና መድረኩ ነው። መሬት የሚበላው ግን ጓሮው ነው፤ ባቡሩ የሚታጠብበት፣ የሚፈተሽበት፣ የሚያድርበት። እሱ ዳር ይሁን፤ ዘንዘልማም ሆነ መሸንቲ ይመቸዋል። ወደ ከተማ የሚገባው ሁለት ሀዲድና አንድ መድረክ ከሆነ የሚፈልገው የአንድ ሰፊ አስፋልት ያህል ቦታ ነው። ስለዚህ 'ከተማ ውስጥ ወይስ ዳር?' የሚለው ክርክር ግማሹ የሚመጣው ሁለቱን አንድ ላይ ከማሰብ ነው።

የዘጌ_ቡና | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00

ጎበዝ! እኔም የገባኝ አሁን ነው። መርከቧም እኮ የምትጠገንበት ሌላ፣ ሰው የሚሳፈርበት ሌላ ነው።

ልጄ ዘንባባ፣ ትምህርትህን ስትጨርስ ይሄንን ነገር ወረቀት ላይ አድርገህ ለሚመለከተው አስገባ። 'ህልም ነው' ካሉህ 'አዎ' በላቸው። ማኅተም የተመታበትን ቅጂ ግን ሳትይዝ እንዳትወጣ።

ሦስት_ጎማ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ቤንዚን ቀድቻለሁ፣ ተመስገን። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፣ ሰልፉ አስተምሮኛል።

ጣቢያው ዘንዘልማ ቢሆን እኔ አልከፋም፣ ለሥራዬ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ያላነሣችሁት አለ። ባቡሩ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው? ማታ ከሆነ እኛ የሰዓት ገደብ አለብን። መንገደኛው ሻንጣውን ታቅፎ ሜዳ ላይ ሊያድር ነው? አውቶቡሱም የባሰበት እንዲህ ሆኖ ነው። የሚያርፍበትን ሰዓት ከእኛ ጋር ተነጋገሩ፣ ባጃጅ የሌለው ጣቢያ ጣቢያ አይደለም።

ዘንባባ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡26

ልክ ነህ፣ ይሄንን ወረቀቱ ውስጥ አስገባዋለሁ። ለመረጃ ያህል ልጠይቅህ፣ ዛሬ ከዘንዘልማ እስከ ቀበሌ 14 ስንት ነው የምታስከፍለው?

ሦስት_ጎማ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡27

በሰው ነው በኮንትራት?